ላይኮር ኤልአይ-7810፦ ከከርሰ ምድር ለሚሰርግ ሚቴን የሚሆነውና የማይሆነው

ከከርሰ ምድር በተፈጥሮ የሚወጣ ሚቴንን ለመለካት መሣሪያ የሚያፈላልግ ሰው አስቀድሞ የትኛውን ሚቴን እንደሚለካ መወሰን አለበት። አንዱ በዓይን የሚታይ ነው፤ በአዘርባጃን የጭቃ እሳተ ገሞራዎች ጭቃውን እያንቦቀቦቀ ይወጣል፣ በቱርክ ያናርታሽ ከድንጋይ ስንጥቅ ወጥቶ ሌት ተቀን ይነዳል፣ በካሊፎርኒያ ኮል ኦይል ፖይንት ከባሕር ወለል በአረፋ ይነሳል። ሌላው አይታይም፣ አይሸትም። ነዳጅና ጋዝ ባዘለ ተፋሰስ ላይ በአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በዝግታ እየሰረገ ይወጣል፤ ቦታው ተራ የእርሻ ማሳ ወይም የግጦሽ መስክ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ግልጽ ምንጭ፣ ሁለተኛውን ስውር ስርገት እንላቸዋለን። ኤልአይ-7810 ለስውር ስርገት እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለግልጽ ምንጭ ብሎ የሚገዛው ግን ገንዘቡን ያባክናል።

መሣሪያው የአሜሪካው የላይኮር ኩባንያ ሥራ ነው። ሚቴንን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና የውሃ ትነትን በአንድ ላይ በየሰከንዱ ይለካል። ክብደቱ ከነባትሪዎቹ 10.5 ኪሎ ግራም ስለሆነ አንድ ሰው አዝሎት መዞር ይችላል። አየሩ በትንሽ ፓምፕ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ እየተሳበ መስታወት ወዳለበት ጠባብ ክፍል ይገባል፤ የሌዘሩ ብርሃን በመስታወቶቹ መካከል እየተመላለሰ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ሚቴኑም ከብርሃኑ ምን ያህል እንደዋጠ ይነበባል። 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ) ሚቴን ባለበት አየር ላይ የአንድ ሰከንድ ንባቡ የሚዋዥቀው በ0.6 ፒፒቢ (ፒፒቢ ከቢሊዮን አንድ እጅ ነው) ነው፣ የአምስት ሰከንድ አማካዩ ደግሞ በ0.25 ፒፒቢ። የምንተነፍሰው አየር 1,900 ፒፒቢ አካባቢ ሚቴን ስለሚይዝ፣ መሣሪያው ከሦስት ሺህ አንድ እጅ ያህል ለውጥን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይለያል ማለት ነው። የውሃ ትነቱንም አብሮ ስለሚለካ ውጤቱን በደረቅ አየር ሒሳብ ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እርጥብ አፈር ላይ የተዘጋ ቻምበር (ጋዙን የሚያጠራቅም ክዳናም ዕቃ) ውስጥ ትነት እየጨመረ ሲሄድ ሚቴኑን ያቀጥነዋል፣ እርማት ካልተደረገ ትንሹ ስርገት ጭራሽ የሌለ ይመስላል።

ብቻውን ግን በአየሩ ውስጥ ያለውን የሚቴን መጠን እንጂ ፍሰትን፣ ማለትም ከአፈሩ በጊዜ የሚወጣውን፣ አይለካም። ፍሰት ለማግኘት አፈሩ ላይ የሚደፋ ቻምበር ያስፈልጋል። ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው 8200-01ኤስ የተባለው ስማርት ቻምበር አፈር ውስጥ በሚተከል 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት ላይ ይቀመጣል፣ በራሱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከመለኪያው ጋርም በገመድ አልባ ይነጋገራል። የሚሸፍነው የአፈር ስፋት 318 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ የውስጥ ይዘቱ 4.2 ሊትር ያህል ነው። ከፕላስቲክ ባልዲ ወይም ከፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ በእጅ የተሠራ ቻምበርም በደንብ ይሠራል፤ ሁለት ነገር ግን አይጉደልበት። አንዱ የውስጥና የውጭ ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ነው። ሌላው ክዳኑ የሚያርፍበት የማይደርቅና የማይሰነጠቅ ጎማ ነው። የመተንፈሻ ቱቦ የሌለው ቻምበር ሲደፋ አየሩን ወደ አፈር ይገፋል፣ ነፋስ ሲመታው ደግሞ የውስጡ ግፊት ከውጩ ይለያል፣ ሁለቱም የሐሰት ቁጥር ያመጣሉ።

ከሌዘሩ ይልቅ ውጤቱን የሚያበላሸው ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈር ይገባል፤ ከዚያ ካነሰ ጋዙ በሥሩ ሾልኮ ያመልጣል፣ እጅግ ከጠለቀ ሥሮችን ይቆርጣል፣ አፈሩንም ይሰነጥቃል። ሲተከል የተናጋው አፈር ውስጡ የቋጠረውን ጋዝ ስለሚለቅ ቢቻል አንድ ቀን ቀድሞ መትከል፣ ካልሆነም የመጀመሪያውን ልኬት አለመቁጠር ነው። ከአፈሩ በላይ የቀረውን የቀለበት ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክቶ ማለፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ቢያንስ አራት ቦታ ላይ በማስመሪያ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። 2 ሳንቲ ሜትር ብሎ የተመዘገበው በእውነት 5 ከሆነ 950 ሚሊ ሊትር ያህል ይዘት ከሒሳቡ ተረስቷል፤ አጠቃላይ ይዘቱ 5 ሊትር በሆነ ቻምበር ላይ ይህ የ19 በመቶ ስሕተት ነው። ማንም የሌዘር ጥራት ይህን አይመልሰውም።

ሒሳቡ ራሱ አጭር ነው። ሚቴኑ በሰከንድ ምን ያህል እንደጨመረ ይወሰድና በጠቅላላው ይዘት (ቻምበሩ፣ ከአፈር በላይ ያለው ቀለበት፣ ቱቦውና የመለኪያው ውስጥ) ይባዛል፣ በአፈሩ ስፋት ይካፈላል፣ ከዚያ በአየሩ ግፊትና ሙቀት ወደ ሞል፣ ከሞልም ወደ ግራም ይቀየራል። ብዙ ሰው የሚስተው ግፊቱ ላይ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ የባሕር ጠለሉ 101.3 ነው። ይዘቱ 5 ሊትር፣ ስፋቱ 318 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ በሰከንድ የ1 ፒፒቢ ጭማሪ ማለት በካሬ ሜትር በቀን 6.8 ሚሊ ግራም ሚቴን ነው። ያንኑ ጭማሪ በባሕር ጠለል ግፊት ያሰላው ሰው 8.9 ያገኛል፤ ፍሰቱን በሲሶ ገደማ አጋነነው ማለት ነው። ሶይልፍላክስ ፕሮ የተባለው የኩባንያው ፕሮግራም ስሌቱን ይሠራል፤ በእጅ የተሠራ ቻምበር የሚጠቀም ግን የቦታውን ግፊት በባሮሜትር አንብቦ ራሱ ማስገባት አለበት።

6.8 የምትለዋን ቁጥር ይዘን የመሣሪያውን አቅም እንፈትሽ። ጤናማ ደረቅ አፈር ሚቴን አያወጣም፤ ሚቴን በል ባክቴሪያዎች ከአየሩ ይወስዱታል፣ በካሬ ሜትር በቀን ከ1 እስከ 5 ሚሊ ግራም ያህል። በቀን 2 ሚሊ ግራም የሚወስድ አፈር ላይ ንባቡ በሰከንድ 0.3 ፒፒቢ እየቀነሰ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 90 ፒፒቢ ገደማ ይወርዳል። ንባቡ በ0.6 ፒፒቢ ብቻ ለሚዋዥቅ መሣሪያ ይህ ጥርት ብሎ የሚታይ መስመር ነው። 50 ሚሊ ግራም የሚያወጣ የስርገት ቦታ ላይ በሰከንድ ከ7 ፒፒቢ በላይ ይጨምራል፣ በሦስት ደቂቃ 1.3 ፒፒኤም። በድሮው አሠራር ናሙናው በሲሪንጅ በየአሥር ደቂቃው ተቀድቶ ቤተ ሙከራ ድረስ ይጓዝ ነበር፤ ይህን ያህል ትንሽ ፍሰት ለመለየት ቻምበሩ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይቆይ ነበር፣ በዚያ ቆይታም የአፈሩ ሁኔታ ራሱ ይለወጥ ነበር። ሦስት ደቂቃ መዝጋት፣ አንድ ደቂቃ ማናፈስ፣ ወደሚቀጥለው ቀለበት መሄድ፤ መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ። የሚቴን ልኬቱ ጣሪያ 100 ፒፒኤም ነው። በካሬ ሜትር በቀን 20 ግራም የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ቻምበር፣ ንባቡ በሰከንድ 3 ፒፒኤም ያህል እየዘለለ በግማሽ ደቂቃ ጣሪያውን ይነካል። 200 ግራም በሚወጣበት ላይ ከሦስት ሰከንድ ትንሽ በልጦ ያልቃል። 4 ሜትር ርዝመትና 3.2 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ 32 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አየሩ ከቻምበሩ መለኪያው እስኪደርስ ብቻ 8 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ጭማሪው ዘግይቶ ይታያል፣ ጣሪያው እስኪነካም ጥቂት ንባብ ብቻ ስለሚገኝ አስተማማኝ የጭማሪ ፍጥነት አይሰላበትም። ትልቅ ቻምበር ማድረግ ትንሽ ይረዳል፣ ችግሩን ግን አይፈታም። በጭቃ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ፍሰቱ በጥቂት ሜትር ርቀት መቶና ሺህ እጥፍ ይለያያል፤ ስለዚህ ጥሩ አሠራር ከአፉ ራቅ ብሎ በ7810 መለካትና ወደ አፉ ሲጠጉ ሰፊ መጠን የሚያነብ ሌላ መለኪያ መያዝ ነው። የጣሊያኑ ዌስት ሲስተምስ የሚሠራቸው የፍሰት መለኪያዎች ለዚህ ዓይነት ቦታ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ በአውሮፓ ብዙ የጋዝ ምንጮች የተለኩትም በእነሱ ነው።

በጭቃ ገንዳ ውስጥ ለሚፈላ አረፋ ደግሞ ሌዘር ጨርሶ አያስፈልግም። በውሃ የተሞላ ግልጽ ጠርሙስ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) አፉ ላይ ተደፍቶ አረፋው ላይ ይያዛል፣ ጋዙ ውሃውን ገፍቶ 1 ሊትር እስኪሞላ በሰዓት ይለካል። በባሕር ጠለል ግፊት በ40 ሰከንድ 1 ሊትር ከሞላና ጋዙ 90 በመቶ ሚቴን ከሆነ፣ ያ አንድ አፍ በቀን 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ሚቴን ይለቃል። የጋዙን ጥራት ለማወቅ አንድ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ይበቃል። የጭቃ ውሃ ወደ 7810 ቱቦ እንዳይጠጋ፤ ፓምፑ ፈሳሽ ከሳበ መስታወቶቹ ይቆሽሻሉ፣ ጥገናውም ሜዳ ላይ የሚሠራ አይደለም። ውሃ የማያሳልፍ ማጣሪያ መግቢያው ላይ ሁልጊዜ ይኑር፣ እርጥብ ቦታ ላይ ከማጣሪያው በፊት የውሃ ማጠራቀሚያ ጠርሙስ ጨምሩበት። ሚቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሆኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ መሣሪያው የፍንዳታ አደጋ ላለበት ቀጠና የተሠራ ስላልሆነ ወደ አፉ የሚቀርብ ሰው የፍንዳታ ማስጠንቀቂያ መለኪያ ለብቻው መያዝ አለበት።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ንባብ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል፣ እኛ ግን የመሣሪያው ግማሽ ጥቅም እሱ ነው እንላለን። የሰው ትንፋሽ 40,000 ፒፒኤም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለበት፣ በእያንዳንዱ የቱቦ መጋጠሚያ ላይ እፍ ብሎ ንባቡን ማየት ጥሩ የፍሳሽ ፍተሻ ነው። ቁጥሩ ከዘለለ መጋጠሚያው ያስገባል። ልኬት ላይ እያሉም ያገለግላል፦ አፈር ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀጥ ብሎ መጨመር አለበት፤ እሱ የተሰባበረ መስመር ካወጣ ቻምበሩ ነፋስ እያስገባ ነውና የዚያን ጊዜ የሚቴን ቁጥር አትመኑት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀጥ ብሎ ሚቴኑ ብቻ እንደ ደረጃ እየዘለለ ከወጣ ግን መሣሪያው ደህና ነው፤ ከሥር አረፋ እየመጣ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ቻምበሩን ጋዝ በማያሳልፍ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ዘግታችሁ 1,000 ፒፒኤም ሚቴን ካለበት የታወቀ ጋዝ 10 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ይዘቱ 5 ሊትር ከሆነ ንባቡ በ2 ፒፒኤም ከፍ ብሎ መርጋት አለበት። 1.8 ላይ ከረጋ እውነተኛው ይዘት ካሰባችሁት 11 በመቶ ይበልጣል፣ ሒሳቡን በዚያ አስተካክሉ። 2 ደርሶ ቀስ በቀስ ከወረደ ፍሳሽ አለ። ይህ ሙከራ የመለኪያውን፣ የቻምበሩን፣ የቱቦውንና የሒሳቡን ትክክለኛነት በአንድ ጊዜ ስለሚፈትሽ፣ መለኪያውን ብቻ በሲሊንደር ጋዝ ከማረጋገጥ ይልቅ ብዙ ያሳውቃል።

መሣሪያው የማይመልሰው ትልቅ ጥያቄ ሚቴኑ ከየት መጣ የሚለው ነው። ኢቴንን (ከጥልቅ ጋዝ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ጋዝ) አይለካም፣ የካርቦን አይዞቶፕም (በክብደት የሚለያዩ የካርቦን አቶም ዓይነቶችን) አይለይም። በኦጋዴን ተፋሰስ፣ ካሉብና ሂላላ አካባቢ፣ ጋዝ ከሥር እንዳለ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ እንዲህ ባለ ቆላ ላይ አዎንታዊ ፍሰት ያገኘ ሰው ግን ወዲያው የከርሰ ምድር ነው ማለት አይችልም። የምስጥ ኩይሳ ሚቴን ያወጣል። የከብትና የግመል በረት ያወጣል። የተጣለ የነዳጅ ጉድጓድ ያስወጣው ደግሞ ከከርሰ ምድር ቢመጣም የተፈጥሮ አይባልም። መለያው ናሙና ነው፦ በባክቴሪያ የተሠራ ሚቴን የካርቦን-13 ልኩ (ከመደበኛ ማነጻጸሪያ ያለው ልዩነት ከሺህ፣ ‰) ባብዛኛው ከ−60‰ በታች ሲሆን፣ በጥልቅ ሙቀት የበሰለው ባብዛኛው ከ−50 እስከ −25‰ ባለው ውስጥ ይገኛል። ወጥመድ አለው፤ የከባቢው አየር ሚቴን ራሱ −47‰ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከቻምበር አንድ ጊዜ ብቻ ቀድቶ "የጥልቅ ጋዝ ነው" ያለ ሰው የለካው አየሩን ሊሆን ይችላል። ሚቴኑ እየጨመረ ሳለ ከአራት ያላነሱ ናሙናዎች በየደረጃው በ12 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይወሰዱ፣ አይዞቶፑ ከሚቴኑ መጠን ግልባጭ (1 ለመጠኑ ሲካፈል) ጋር በግራፍ ይቀመጥ፣ ግልባጩ ዜሮ በሚሆንበት ቦታ መስመሩ የሚያሳየው የአይዞቶፕ ቁጥር የምንጩ ነው። ሲሪንጁ በዝግታ ይሳብ፤ በፍጥነት ከተሳበ ግፊቱ ወርዶ የአፈሩን ጋዝ ይጎትታል፣ የፍሰት ልኬቱንም ያበላሻል።

በስምጥ ሸለቆ የእንፋሎት ቦታዎች ለመጠቀም የሚያስቡ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አሉቶን በመሰሉ ቦታዎች ከስንጥቁ የሚወጣው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የመሣሪያው ጣሪያ ለእሱ 10,000 ፒፒኤም ስለሆነ ስንጥቁ ላይ ቶሎ ያልቃል። እንፋሎቱ ቱቦ ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ አብሮት የሚመጣው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ብረትን ይበላል። የሚሠራበት የሙቀት ጣሪያ 45 ዲግሪ ነው፤ አፋር ላይ በሞቃታማዎቹ ወራት እኩለ ቀን ይህን ማለፍ ቀላል ስለሆነ ሥራው ማለዳ ተጀምሮ ረፋዱ ላይ ይብቃ፣ መሣሪያውም ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ልኬቱ መቼ እንደተደረገም አብሮ ይመዝገብ። የአየር ግፊት ሲወርድ አፈሩ የያዘውን ጋዝ ይለቃል፣ ሲወጣ ያፍናል። ዝናብ ቀዳዳዎቹን በውሃ ይደፍንና ስርገቱ በስንጥቅ በኩል ብቻ ይወጣል። ሙቀትና ልከኛ እርጥበት ሲኖር ባክቴሪያዎቹ ከሥር የመጣውን ሚቴን አፈሩ ውስጥ እያለ ይበሉታል፤ በዚህም ምክንያት አንድ ቦታ በአንዱ ወቅት ስርገት አሳይቶ በሌላው ዜሮ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወቅት ብቻ ተለክቶ በ365 የተባዛ ቁጥር የዓመት ፍሰት አይደለም።

ይህን ያህል ስለ ዝርዝሩ የምንጨነቀው ክርክሩ ትልቅ ስለሆነ ነው። ሜዳ ላይ የተለኩትን ፍሰቶች በዓለም ደረጃ አስፍቶ የ2019ኙ ግምት የተፈጥሮ ከርሰ ምድር ሚቴንን በዓመት 45 ሚሊዮን ቶን ያደርሰዋል፣ ከዚህም ትልቁ ድርሻ የስውር ስርገት ነው። በ2020 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በበረዶ ውስጥ የታሰረ አየርን በካርቦን-14 (ጥንታዊው የከርሰ ምድር ሚቴን የሌለው የካርቦን ዓይነት) መርምሮ ከ5.4 ሚሊዮን ቶን አይበልጥም ብሏል። ከስምንት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። የተፈጥሮው ትንሽ ከሆነ ከነዳጅና ከከሰል ማውጫ የሚወጣው ድርሻ የዚያኑ ያህል ከፍ ይላል። በሜዳ በኩል ያለው ድካም የናሙና አመራረጥ ነው፦ የስርገት ፍሰት በጥቂት ቦታዎች እጅግ ከፍተኛ፣ በብዙው ኢምንት ነው፤ ጋዝ ይገኝበታል በተባለው ላይ ብቻ ለክቶ አማካዩን ለተፋሰሱ ሁሉ ማባዛት ድምሩን ያሳብጠዋል። ቀለበቶቹ በእኩል ርቀት ይተከሉ፣ ከምንጩ አጠገብ በየ10 ሜትሩ፣ ራቅ ሲል በየ50 እስከ 100 ሜትሩ፣ ዜሮና ከዜሮ በታች የሆኑ ውጤቶችም ሳይሰረዙ ይያዙ። 7810 ከዜሮ በታች ያለውን ፍሰት በእርግጠኝነት ስለሚለካ፣ እነዚህን ቦታዎች "ከመለኪያው አቅም በታች" ብሎ ለመዝለል ምክንያት አይተውም።

በሁለት ባትሪ 8 ሰዓት ይሠራል፣ የሚፈጀው 22 ዋት ገደማ ነው። በማንኛውም ስልክ ወይም ላፕቶፕ ብራውዘር በዋይፋይ ይከፈታል፣ የተለየ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ሲነሳ ውስጡ ሙቀቱን እስኪያረጋጋ ጊዜ ይወስዳል፤ ዝግጁ ነኝ ሳይል የሚወሰድ ንባብ ዋጋ የለውም። በአውሮፕላን ሲጓዝ ባትሪዎቹ እጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁኑ፣ ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ ለሆነ ባትሪ አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ስለሚያስፈልግ ባትሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የማረጋገጫ ጋዝ ሲሊንደር በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፤ እዚያው አገር ውስጥ የሚያቀርብ ሳይገኝ ጉዞ ባይታሰብ ይሻላል። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ከመግዛት፣ የአፈርና የረግረግ ጋዝ ከሚለኩ የግብርና ተመራማሪዎች ጋር በጋራ መግዛት ወይም ከእነሱ መዋስ ይመረጣል፤ ያው መሣሪያ፣ ያው ቻምበር ለእነሱም ይሠራል።